አንደኛ ሚዜ ስትሆኚ፦ ከ«እሺ» እስከ ሠርጉ ማግስት

ጓደኛሽ ወይም እኅትሽ «አንደኛ ሚዜዬ አንቺ ነሽ» ስትልሽ ደስታው ይቀድማል፤ ሥራው ኋላ ይመጣል። ሥራው ደግሞ የሚያምር ቀሚስ ለብሶ ከሙሽራዋ ጎን መቆም ብቻ አይደለም። ፎቶው ላይ የሚታየው ትንሹ ክፍል ነው። ከዚህ በታች ያለው ከሞላ ጎደል በጊዜ ቅደም ተከተል የተጻፈ ነው፤ ሠርጉ ትልቅም ይሁን ትንሽ አብዛኛው ይሠራል።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ይያዝልኝ። አንቺ የምታገለግዪው ሙሽራዋን ነው እንጂ ሠርጉን አይደለም። ሠርጉ ምግብ አዘጋጅ፣ አስተናጋጅ፣ ሙዚቀኛ፣ ፎቶ አንሺ፣ ስንት ዘመድ አለው። ሙሽራዋ ግን በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ስለ ራሷ የሚጠይቃት አንድ ሰው ያስፈልጋታል። የጠረጴዛው አበባ ከመጋረጃው ጋር አልሄደም ብለሽ አዳራሽ ለአዳራሽ ስትሯሯጪ እርሷ መልበሻ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ከቀረች፣ የራስሽን ሥራ ትተሽ የሌላ ሰው ሥራ እየሠራሽ ነው።

1. «እሺ» ከማለትሽ በፊት ጠይቂ

በደስታ መካከል ጥያቄ ማንሣት የሚያሳፍር ይመስላል፤ አያሳፍርም። በዕለቱ እቀፊያት፣ ደስ እንዳለሽ ንገሪያት። በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ግን ብቻችሁን ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። የቀሚስሽን ዋጋ ማን ይከፍላል? ከሠርጉ በፊት ስንት ዝግጅት አለ፣ ጉዞስ አለበት? ንግግር ታደርጊያለሽ? በጋብቻው ውል ላይ ምስክር ሆነሽ የምትፈርሚ ከሆነ ምን ዓይነት መታወቂያ ይጠየቃል? ይህ የመጨረሻው ተራ ነገር ይመስላል፤ ግን ጊዜው ያለፈበት መታወቂያ ይዞ ፊርማ ቦታ መድረስ የሚያስከትለውን ሁከት አስቢው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ከእኔ በጣም የምትፈልጊው አንድ ነገር ምንድን ነው?» መልሱ ከሙሽራ ሙሽራ ይለያያል። አንዷ ሁሉን ነገር የሚያስታውስላት ሰው ትፈልጋለች። ሌላዋ ማስታወሻ ደብተር የያዘች ጓደኛ ያስጨንቃታል፤ የምትፈልገው የሚያስቃትን ሰው ነው። ሦስተኛዋ ደግሞ በሁሉ ነገር ከምትገባባት አክስቷ የምትከልላትን ትፈልጋለች። ይህን ሳታውቂ ብትጀምሪ የምትደክሚበት ነገር ሁሉ ያልተጠየቅሽው ሊሆን ይችላል።

የማትችዪ ከሆነ አሁኑኑ ንገሪያት። ፈተና ሊኖርብሽ ይችላል፤ ልትወልጂ ይሆናል፤ ወይም ገንዘቡ የለሽም። «ሚዜነቱን በሚገባ ልወጣው አልችልም፤ ቬሎ ስትለኪና ለሠርጉ ማለዳ ግን አብሬሽ ነኝ» ማለት ይቻላል። እሺ ብሎ በየዝግጅቱ መቅረት ነው ጓደኝነትን የሚጎዳው።

2. ድርሻሽን ለዪ

በመጀመሪያው ሳምንት የሁለት ሰው ስልክ ያዢ፤ የሙሽራው አንደኛ ሚዜና የሙሽራዋ እናት። ከእርሱ ጋር የምትስማሙባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ ቀለበቶቹ በማን እጅ ይቆያሉ፣ መኪናዎቹን ማን ይከታተላል፣ በዕለቱ ሙሽሮቹ ስልክ ስለማይዙ ለእነርሱ የሚመጣን ጥሪ ማን ያነሣል።

እናቲቱን ግን ለሥራ ብቻ አታነጋግሪያቸው። እናት የሌለችበት ቤት ከሆነም ያንን ቦታ የያዘች አክስት ወይም ታላቅ እኅት ትኖራለች። ገና በጠዋቱ «እርስዎ ራስዎ ማድረግ የሚፈልጉት ነገር የትኛው ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ዓይነ ርግቡን ራሳቸው ማልበስ የሚፈልጉ እናት፣ አንቺ ቀድመሽ ስታለብሺ ካዩ ቀኑን ሙሉ ቅር ብሏቸው ይውላል፤ ቅሬታው የሚደርሰው ደግሞ ሙሽራዋ ጆሮ ነው። ቀሪውን ሥራ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፊና ከእያንዳንዱ አጠገብ የባለቤቱን ስም አስፍሪ። ስም የሌለው ሥራ በመጨረሻ አንቺ ላይ እንደሚወድቅ እወቂ።

3. ቬሎው

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ሚዜን የሚያስፈልጋት እውቀት በብዛት ያለው ልብሱ ላይ ነውና።

ለመምረጥ ሲኬድ ከሙሽራዋ ጋር ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይበቃል። ስምንት ሰው ሲሄድ ስምንት አስተያየት ይመጣል፤ ሙሽራዋም በመጨረሻ የምትመርጠው ማንንም የማያስከፋውን ነው። ለብሳ ስትወጣ መጀመሪያ የምትናገሪው አንቺ አትሁኚ። ፊቷን ተዪና እጆቿን ተመልከቺ። የደረቱን ጫፍ በየደቂቃው ወደ ላይ የምትስብ ከሆነ፣ ወይም ሆዷን በእጇ የምትሸፍን ከሆነ፣ ቬሎው ምንም ቢያምር የእርሷ አይደለም። እንድትቀመጥ፣ እጆቿን እንድታነሣ፣ ደረጃ እንድትወጣ፣ አንቺን እንድታቅፍ አድርጊ። ሙሽራ ቀኑን ሙሉ የምትሠራው ይህንኑ ነው። ፎቶ ስታነሺያት ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ፣ ከተቻለም በመስኮት ብርሃን ይሁን፤ የሱቅ መብራት ነጩን ቢጫ፣ ቢጫውን ነጭ ያደርገዋል።

ለመጨረሻው ልኬት በዕለቱ የምታደርገውን ጫማና የውስጥ ልብስ ይዛ መሄዷን አረጋግጪ። ልብስ ሰፊው የጫፉን ርዝመት የሚቆርጠው በጫማው ተረከዝ ልክ ነው፤ በጠፍጣፋ ጫማ ተለክቶ በተረከዝ የተለበሰ ቬሎ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀራል፣ በተቃራኒው ከሆነ ደግሞ ይጠልፋታል። በዚያው ቀን አንቺ ራስሽ ቬሎውን ዝጊና ክፈቺ። ሌላ ሰው በስልክ ይቅረጽሽ።

ጀርባው ላይ በጨርቅ የተለበጡ ትናንሽ ቁልፎች የተደረደሩ ከሆነ፣ እያንዳንዷ ቁልፍ የምትገባው ከክር በተሠራች ጠባብ ማቆያ ውስጥ ነው። በጣት ስትታገዪ ጥፍርሽ ይሰበራል፣ ክሯም ትበጠሳለች። ለዚህ የሚሆነው የዳንቴል መሥሪያ ኪሮሽ ነው። ኪሮሹን በክሯ ማቆያ ውስጥ አሳልፊ፤ በጫፉ መንጠቆ ቁልፏን ከሥሯ ያዢ፤ ወደ ራስሽ ሳብ አድርጊ፤ ቁልፏ ሹልክ ብላ ትገባለች። ጨርቁ በጣም ከሚወጠርበት ከወገቧ ጀምሪ፤ ወገቡ ከተያዘ በኋላ ሌላው ይላላልሻል። ኪሮሽ ርካሽና ቀላል ስለሆነ ሁለት ያዢ።

ከኋላ የሚጎተት ጭራ ያለው ከሆነ ሌላ ትምህርት አለ። ጭራው ለሥርዓቱ ያምራል፤ ለጭፈራ ግን ይረገጣል። ስለዚህ ልብስ ሰፊው ጭራውን ወደ ላይ ሰብስቦ የሚይዝ ድብቅ መንጠቆ ወይም ጥብጣብ ይሠራለታል። ጥብጣቦቹ ብዙ ከሆኑ የሚጣመሩት በአንድ ዓይነት ቀለም ወይም በቁጥር ምልክት ይደረግባቸው ብለሽ ለምኚ፤ ደብዘዝ ባለ ብርሃን፣ ቀሚስ ሥር ተንበርክከሽ የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም መገመት አይቻልም።

ጭራን በተመለከተ የነገሥታት ቤት ሠርጎች ጥሩ አስተማሪ ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 ልዕልት ዳያና ስታገባ የለበሰችው የታፍታ ሐር ቬሎ 7.6 ሜትር ያህል ጭራ ነበረው። ከአባቷ ጋር በጠባብ ሠረገላ ተጨምቆ ስለመጣ፣ ስትወርድ ተጨማዶ በመላው ዓለም ፊት ታየ። በ2011 ኬት ሚድልተን ስታገባ የነበረው ጭራ 2.7 ሜትር ገደማ ነው፤ ሙሽራዋ ከመኪናው ስትወርድ አንደኛ ሚዜዋ እኅቷ ፒፓ ጨርቁን አቅንታ፣ በሁለት እጇ ይዛ ተከተለቻት። ታፍታ ቶሎ የሚጨማደድና መጨማደዱን የማይለቅ ጨርቅ ነው። ስለዚህ ጨርቁ ምን እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ፤ የምትመጣበትን መኪናም እዪ፣ ሰፊ መቀመጫ ይኑረው። መቀመጫው ላይ ንጹሕ አንሶላ አንጥፊ። ሙሽራዋ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጥ፣ ከዚያ እግሮቿን ታስገባ፤ ጭራውን አጥፈሽ ጭኗ ላይ አስቀምጪው እንጂ እንዳትቀመጥበት።

ብዙ እጅ ደግሞ ሁልጊዜ አይረዳም። በ1840 የንግሥት ቪክቶሪያን ጭራ የያዙት 12 ሚዜዎች ነበሩ፤ ጭራው ለዚያ ሁሉ ሰው ስላልበቃ እርስ በርስ ተረከዝ እየተራገጡ ነበር የሄዱት። ጭራውን አንቺ ያዢ፤ በጣም ረጅም ከሆነ አንድ ሰው ጨምሪ።

4. ሌሎቹ ሚዜዎች

የሚዜዎች ጠብ መነሻው ብዙ ጊዜ ገንዘብ ነው፤ ሲገለጥ ግን የቀሚስ ቀለም መስሎ ነው የሚገለጠው። «ይህ ቀለም አይሄድብኝም» የምትል ሚዜ «ይህን መክፈል አልችልም» ማለቷ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዋጋ ከመቆረጡ በፊት እያንዳንዷን ለብቻ ጠይቂ፤ በቴሌግራም ቡድን ላይ ሁሉም ባሉበት «ስንት ትችያለሽ?» አይባልም። የሁሉም ወጪ የሚተመነው ዝቅተኛውን በጠራችው ሚዜ አቅም ነው፤ ማን እንደሆነች ደግሞ ከአንቺ ሌላ ማንም አይወቅ።

መልእክት ስትልኪ አንድ ጉዳይ፣ አንድ ቀን ገደብ፣ አንድ የሚጠበቅ ምላሽ ይኑረው። «ቀሚስ እንዴት እናድርግ?» ብለሽ ብትልኪ መቶ መልእክት ይመጣል፤ ውሳኔ ግን አይመጣም። «ሦስቱ ምርጫዎች እነዚህ ናቸው፤ እስከ ዓርብ ማታ አንዱን ምረጡ፤ ያልመረጠ በብዙኃኑ ይገዛል» በዪ። ሙሽራዋን ከዚህ ቡድን ውስጥ አታስገቢያት። ጠብ ከተነሣም ከመፍትሔው ጋር እንጂ ከጠቡ ጋር አትሂጂባት።

5. ከሠርጉ በፊት ያለው ዝግጅት

ለሙሽራዋ የሴቶች ግብዣ የምታዘጋጁ ከሆነ አጭሩ ምክሬ ይህ ነው፦ በሠርጉ ዋዜማ አይሁን። ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቅደም። እንቅልፍ ያጣች ሙሽራ ዓይኗ ያብጣል፣ ትዕግሥቷም ያልቃል። የምትጋበዘው ሁሉ የሠርጉም እንግዳ መሆኗን አረጋግጪ፤ ለግብዣው ተጠርታ ለሠርጉ የቀረች ሴት ይቅር አትልም። የግብዣው ዓይነትስ? ሙሽራዋ ጸጥታ የምትወድ ከሆነች አራት ሰው ሆናችሁ አብራችሁ መዋል ይበቃታል። ድንገተኛ ነገር ለማዘጋጀት ካሰብሽ፣ ድንገተኛ ነገር የምትወድ ሰው መሆኗን ከእኅቷ ወይም ከሙሽራው አጣሪ።

6. ሰዓቱን ወደ ኋላ ቁጠሪ

የሠርግ ማለዳ የሚበላሸው በአብዛኛው በሜካፕ ወንበሩ ላይ ነው። ሁሉም ሰው «አንድ ሰዓት ይበቃል» ይላል፤ ማንም ግን የሰውን ብዛት አያባዛም።

ለምሳሌ ሥርዓቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው እንበል። ሙሽራዋና አራት ሚዜዎች አሉ፤ ባለሙያዋ አንድ ናት። ለእያንዳንዷ ሚዜ 45 ደቂቃ ቢወስድ አራቱ 3 ሰዓት ይፈጃሉ። ለሙሽራዋ 1 ሰዓት ተኩል ጨምሪ፤ 4 ሰዓት ተኩል ሆነ። ቬሎ ለመልበስ 45 ደቂቃ፣ ለፎቶ ግማሽ ሰዓት፣ ለመንገድ ግማሽ ሰዓት፣ ለማይታወቀው ነገር ግማሽ ሰዓት። ድምሩ 6 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። ከ8 ሰዓት ሲቀነስ የመጀመሪያዋ ሚዜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ15 ላይ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አለባት ማለት ነው። ይህ ሰዓት የሚያስደነግጥሽ ከሆነ ሁለተኛ ባለሙያ ይጠራ፤ ካልሆነም ከሚዜዎቹ ሁለቱ ራሳቸውን ይኳሉ።

ሙሽራዋን የመጨረሻዋ አታድርጊያት። ከመጨረሻው በፊት ያለውን ተራ ስጫት፤ ቢዘገይ የሚጎዳው አንዷ ሚዜ እንጂ ሙሽራዋ አትሁን። የመጨረሻውን ተራ አንቺ ውሰጂ፤ አስፈላጊ ከሆነ በግማሽ ሜካፕ የምትሄጂው አንቺ ነሽ።

በዚሁ ሳምንት ለባለሙያዎቹ የሚቀረው ክፍያ በየፖስታው ተለይቶ፣ ስም ተጽፎበት፣ ታማኝ በሆነ የቤተሰብ አባል እጅ ይግባ። ሙሽራ በሠርጓ ቀን ሒሳብ አትክፈል።

7. ቦርሳው

ትንሽ ቦርሳ አዘጋጂና ከእጅሽ አይለይ። መርፌ፣ ነጭ ክርና በሚዜዎቹ ቀሚስ ቀለም ያለ ክር፤ ትንሽም ትልቅም መርፌ ቁልፍ፤ መቀስ፤ በሁለቱም ፊት የሚጣበቅ ፕላስተር (የተፈታ ጫፍ በደቂቃ ይይዛል)፤ ኪሮሹ፤ የፀጉር ማስያዣ፤ ለተላጠ ተረከዝ የቁስል ፕላስተር። ሶፍት፣ መሐረብ፣ ሞዴስ፣ ዲዮዶራንት። መድኃኒት ከያዝሽ ሙሽራዋ የለመደችውን የራስ ምታት ማስታገሻ ብቻ፤ ያልለመደችውን መድኃኒት በዕለቱ አትሞክር። ተጨማሪ ስቶኪንግ፣ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም (ስቶኪንግ መተርተር ሲጀምር ያቆመዋል)፣ የከንፈር ቀለሟ፣ ፓወር ባንክ፣ ዝርዝር ገንዘብ። ጠፍጣፋ ጫማ ለእርሷም ለአንቺም። ስትሮ አትርሺ፤ የከንፈር ቀለም ከተቀባች በኋላ ውሃ የምትጠጣው በእርሱ ነው።

8. የሠርጉ ቀን

ማለዳ ላይ የመጀመሪያው ሥራሽ ቁርስ ነው። ሙሽሮች በጭንቀት አይበሉም፤ ከዚያ ሙቀት፣ ጠባብ ቀሚስና ረጅም ቆሞ መዋል ይመጣል፤ ራስን ስቶ መውደቅ የሚመጣውም እንዲህ ነው። እምቢ ብትል በትንሽ በትንሹ አጉርሺያት፤ በየመካከሉም ውሃ ስጪያት።

ሜካፕ ስትሠራ ከፊት የሚከፈት ሸሚዝ ትልበስ፤ በራስ የሚወልቅ ልብስ የተሠራውን ፀጉርና ፊት ሁሉ ያበላሻል። ሽቶ ቬሎው ከመለበሱ በፊት ይቀባ፤ ሐር ላይ ያረፈ ሽቶ ምልክት ይተዋል። ወደ መጸዳጃ ቤትም ቬሎው ከመለበሱ በፊት ትሂድ። ከዚያ በኋላም መሄድ ይኖራልና አስቀድማችሁ ተስማሙ፦ ሰፋ ያለውን ክፍል አንቺ አዘጋጂ፣ ቀሚሱን ከውስጥ ሽፋኑ ጋር በአንድ ላይ ሰብስበሽ ከፍ አድርገሽ ያዢ። ይህን ያላፈረች ሚዜ ናት ሚዜ።

ስታለብሻት እጅሽን ታጠቢና አድርቂ፤ ቅባትም ሆነ ሜካፕ ጣትሽ ላይ አይኑር። ጌጥ ሁሉ ከቬሎው በኋላ ይግባ፤ ጉትቻና አምባር ጨርቅ ይስባሉ።

ከፎቶ በፊት ከራስ እስከ እግር አንድ ጊዜ እዪያት። ጥርሷ ላይ የከንፈር ቀለም አለ? የጡት መያዣዋ ማንጠልጠያ ወጥቷል? የፀጉር ላስቲክ ክንዷ ላይ ቀርቷል? የዋጋ ወረቀቱ ከጫማዋ ሥር ተነሥቷል? ይህ የመጨረሻው ተንበርክካ ስትጸልይ ወይም ስትቀመጥ ለሰው ሁሉ ይታያል። ለቤተሰብ ፎቶ የሚጠሩትን ሰዎች ዝርዝር ፎቶ አንሺው ብቻ ሳይሆን ዘመዶቹን በመልክ የሚያውቅ አንድ ሰው ይያዘው። አንቺ አትሁኚ፤ አንቺ ጭራውን ታስተካክያለሽ።

በሥርዓቱ ጊዜ የሚጠበቅብሽ ጥቂት ነው። ቀለበት ሲደረግ እቅፍ አበባዋን ተቀበዪ፣ ሲያልቅ መልሺ። የአበባውን እጀታ ወደ እርሷ አድርገሽ ስጪ፤ ግንዱ እርጥብ ከሆነ አስቀድመሽ በመሐረብ ጥረጊው፣ ውሃው ቬሎው ላይ እንዳይንጠባጠብ። ፎቶዎቹ ውስጥ ከጀርባዋ ስለምትታዪ ስልክሽን አትንኪ።

እድፍ ቢደርስ አትሺው። በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ከዳር ወደ መሐል ጫን እያደረግሽ ምጠጪው። ቅባት ከሆነ የሕፃናት ፓውደር ነስንሺበት፣ ጥቂት ቆይተሽ አራግፊ። ነጥብ የምታህልን እድፍ ነጭ ጠመኔ ይሸፍናታል። ደም በቀዝቃዛ ውሃ እንጂ በሙቅ አይነካም፤ ሙቀት ደሙን ከጨርቁ ጋር ያጣብቀዋል። ንጹሕ ሐር ከሆነ ግን ውሃው ራሱ ክብ ምልክት ይተዋልና መሸፈኑ ይሻላል፤ አበባዋን ዝቅ አድርጋ ትያዝ፣ ወይም ልብስ ሰፊው የተረፈ ዳንቴል ሰጥቷችሁ ከሆነ በላዩ ስፊበት። እናም ለሙሽራዋ «ኧረ ምንም አይታይም» አትበያት፤ ከታየ ይታያል። «አለ፣ እየሠራሁበት ነው» በያት።

9. ንግግሩ

ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃል። ረጅም ንግግር ያቀረበች ሚዜ በመልካም ስትነሣ ሰምቼ አላውቅም።

በአንድ ዓረፍተ ነገር ማን እንደሆንሽ ተናገሪ። ከዚያ ስለ ሙሽራዋ አንድ ታሪክ ንገሪ፤ አንድ ብቻ። ሙሽራው ከመጣ በኋላ እርሷ ላይ ያየሽውን ጨምሪ፤ ለሁለቱም ምረቂና ተቀመጪ። «ደግ፣ ቆንጆ፣ ታታሪ ናት» የሚል ንግግር ለየትኛዋም ሙሽራ ይሆናል፤ ስለዚህ ለእርሷ አይሆንም። «ፈተና የወደቅሁ ዕለት መጥታ አንዲት ቃል ሳትናገር የተከመረ ልብሴን አብራኝ አጠበች» ካልሽ ግን ደግነቷን መጥቀስ አያስፈልግሽም፤ ሰሚው ራሱ ይደርስበታል።

የማይነገረው ግልጽ ይመስላል፤ ሆኖም በየሠርጉ ይነገራል። የቀድሞ ፍቅረኛ፣ የገንዘብ ችግር፣ ሕመም፣ የቤተሰብ ጠብ፣ ሁለታችሁ ብቻ የምትስቁበት ቀልድ። ረቂቁን ሙሽራዋን ለማያውቅ ሰው አንብቢለት፤ ያልገባው ቦታ ይውጣ። ከዚያ የሙሽራው አያት እየሰሙሽ እንደሆነ አድርገሽ እንደገና አንብቢው።

ጮክ ብለሽ፣ በሰዓት እየለካሽ ተለማመጂ። ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፊው፤ የስልክ መብራት በመካከል ይጠፋል፣ መልእክትም ይገባበታል። ማይክሮፎኑን ከአፍሽ አንድ ጭብጥ ያህል አርቀሽ ያዢ፤ ስትዞሪ አብሮሽ ይዙር። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በቃልሽ ያዢ፤ ድምፅሽ የሚንቀጠቀጠው እዚያ ላይ ነው።

10. ስታለቅስ

አንድ ቀን፣ ምናልባትም በዋዜማው ሌሊት፣ «አልችልም» ትልሻለች። አትሳቂባት፤ «ሁሉም ሙሽራ እንዲህ ነው» ብለሽም አትዝጊው። መጀመሪያ ሌሎቹን ከክፍሉ አስወጪ። ከዚያ ተቀመጪና አድምጪ።

የምታወራው ስለ እንግዳው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቀሚሱ፣ ስለ እናቷ ከሆነ፣ ድካምና ድንጋጤ ነው። ውሃ፣ እንቅልፍና አንድ የተፈታ ጉዳይ ይበቃታል። ስለ ሰውየው ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። «እንግዳ ባይጠራ፣ ገንዘብም ባይወጣ ኖሮ ነገ ታገቢው ነበር?» ብለሽ ጠይቂያት፤ መልሷን ጠብቂ፤ ዝምታውን አንቺ አትሙዪው። አንቺ ራስሽ ሙሽራውን ወደድሽውም ጠላሽውም ሚዛኑ ላይ አይግባ፤ ውሳኔው የእርሷ ነው። ጊዜ ከፈለገች ጊዜ አስገኚላት፤ ሠርግ ይዘገያል፣ ይሰረዛልም፤ የተከፈለው ገንዘብ እርሷን ለማስገደጃ አይቅረብ።

ትፈራዋለች ብለሽ የሚያስጠረጥር ነገር ከሰማሽ፣ እጁን አንሥቶባት ከሆነ ወይም ቤተሰብ አስገድዷት ከሆነ፣ ብቻዋን አትተያት። ምን እንደምትፈልግ ጠይቂያት፤ የምታምነውን አንድ ትልቅ ሰው እርሷ ትምረጥ፤ የት ማደር እንደምትችል አብራችሁ አስቡ። ሚስጥሩን ያለ ፈቃዷ ለሙሽራውም ሆነ ለወገኖቹ አታውጪ።

11. ሌሊቱና ማግስቱ

ግብዣው ሲያልቅ ሙሽሮቹ ይሄዳሉ፤ አንቺ ትቀሪያለሽ። ስጦታዎቹና ፖስታዎቹ ተቆጥረው ሳይሆን ታሽገው ለተመረጠው የቤተሰብ አባል ይሰጡ፤ ሁለት ሰው አብሮ ይረከብ። የተከራያችሁትን ዕቃ ማን መቼ እንደሚመልስ ወረቀቱ ላይ አለ፤ ለእያንዳንዱ ሰው በማግስቱ ጠዋት ደውዪ። የመልበሻ ክፍሉን ራስሽ ፈትሺ። ቻርጀር፣ ጉትቻ፣ የሙሽራዋ የራሷ ልብስ፣ መታወቂያ እዚያ ይቀራል።

ቬሎው በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ አይቀመጥ፤ አየር እንዲያገኝ በነጭ ጨርቅ ሸፍነሽ ስቀዪውና በቶሎ ወደ እጥበት ውሰጂው። ለሚያጥበው ሰው ምን እንደፈሰሰበትና የት ላይ እንደሆነ ንገሪ፤ ስኳር ያለበት መጠጥ ሲደርቅ አይታይም፣ ከወራት በኋላ ግን ቡናማ ሆኖ ይወጣል።

ስጦታ የሰጡትን ሰዎች ስምና ምን እንደሰጡ በዝርዝር ጽፈሽ አስቀምጪላት፤ ስታመሰግን ያስፈልጋታል። ከሚዜዎቹ የተሰበሰበውንም ገንዘብ አስይ፤ የወጣውን ከነደረሰኙ በቡድኑ ላይ አሳውቂ፤ የተረፈ ካለ በዚያው ሳምንት ለየባለቤቱ መልሺ።